የኻዲም ቀይ ዓይኖች

ኦስሎ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2006 እ.ኤ.አ.

ለማከብርዎ ታላቅ እህቴ ለአፓ ሪፋት፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ የአባትዎን፣ የሠዓሊዎቹን አለቃ የኡስታድ ሙራድንም መቃብር ብርሃን ያድርግላቸው። እኛ እዚህ በበረዶው አገር ደህና ነን። ባለቤቴ ፋኽራ፣ ልጆቼ ማሂንና ሩባብ ሰላም ይሉዎታል። እኔም ያው አውቶቡሴን እነዳለሁ።

አፓ፣ የአጎትና የአጎት ልጆች ሆነን ስንት ዓመት ሳንጻጻፍ ቀረን፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ የምጽፈው ደግሞ ልለምንዎ ነው። አባትዎ የሳሉት፣ አባቴ ኻዲም ቆሞ የተሳለበት የሲኒማ ሰሌዳ ፎቶ እኔ ዘንድ አለ። መጥረቢያውን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ዓይኑ ደም መስሏል። አባቴ ሲሞት ስድስት ዓመቴ ነበርና ፊቱን የማውቀው ከዚህ ፎቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ባደግሁበት በኻሪያን የመንደሩ ልጆች የሙት ልጅ እያሉ ሲያሳድዱኝ አያቴ ይህንን ፎቶ አውጥታ «የማን ልጅ እንደሆንክ አሳያቸው» ትለኝ ነበር። አሳያቸው ነበር። ይሸሹም ነበር።

እዚህ የኻሪያን ሰዎች ልጆቻችንን የምንሰበስብበት አዳራሽ አለን፤ በኦገስት ትልቅ ዝግጅት ይኖረናል። የዛሬ ልጆች ወንዱ እንደ ሴት፣ ሴቷ እንደ ወንድ ሆነዋል፤ ቴሌቪዥኑ ነው ያደረጋቸው። ድሮ ወንድ ምን ይመስል እንደነበር ግድግዳ ላይ እንዲያዩት እፈልጋለሁና ያንን ሰሌዳ በሸራ ላይ እንደገና ይሳሉልኝ። የፎቶውን ቅጂ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። ዓይኑን አደራ።

ታናሽ ወንድምዎ ታንቪር

—

ላሆር፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2006

ለወንድሜ ለታንቪር፣ ለአጎቴ ለቻቻ ኻዲም ልጅ፣

ሰላምታዬ በረዶውን አቅልጦ ይድረስህ። አላህ አንተን፣ ፋኽራን፣ ማሂንንና ትንሿን ሩባብን ከክፉ ዓይን ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ባሌ ሹጃት ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ፀጉር ቤቱን አልዘጋም።

ደብዳቤህን ሳነብ ጮኼ ሹጃት ሰው የሞተ መስሎት የደንበኛውን ፊት በሳሙና እንደነከረ ትቶት መጣ። ሰሌዳ ሳዪልኝ የሚል ሰው ከመጣ ሁለት ዓመት አለፈኝ እኮ። አሁን በኛ መንገድ ላይ የፕላስቲክ ባነር የሚተፋ ማሽን ገብቷል፤ አንድ ልጅ ቁልፍ ይጫናል፣ የሰው ፊት ይወጣል። ከሠዓሊዎቹ ግማሾቹ ሪክሻ ይነዳሉ፣ ግማሾቹ ሻይ ይሸጣሉ። እኔ ግን ብሩሾቼን በየሳምንቱ ሳጥብ ነበር፤ ሹጃት «ለማን ሙሽራ ነው የምታጥቢያቸው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አሁን ማን ይስቅ?

አባቴ አጠገብ ቀለም መበጥበጥ የጀመርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ሰሌዳ ላይ መፈረም ጀመርኩ። ሪፋት የሚለው ስም ደግሞ እንደምታውቀው ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ የሲኒማ ቤት ሰዎች መጥተው «ኡስታድ ሪፋት የታለ?» ሲሉ አባቴ «ቀለም ሊገዛ ወጥቷል» ይላቸዋል። እኔ እስከ ክርኔ ቀለም ተነክሬ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። አንዱ እንዲያውም ሻይ አፍልቼ እንዳመጣለት አዞኛል።

ወንድ ድሮ ምን ይመስል ነበር አልክ አይደል? የትኛውን ድሮ? እኔ ልጅ ሳለሁ የሰሌዳው ወንድ ከረቫት ያስር ነበር። ሪዙ የእርሳስ መስመር የምታክል፣ እጁ ላይ አበባ፣ ጉንጩ ላይ እንባ። እንባው የኔ ሥራ ነበር፤ ትንሽ ነገር ስለሆነ ለልጅ ይሰጣል። የሴቷ ፊት ከወንዱ ፊት እኩል ነበር፤ አባቴ በክንዱ ለክቶ ነበር የሚያስተካክላቸው። ሹጃት እንደሚለው ያኔ ፀጉር ቤት የሚመጣው ወንድ ሁሉ ሽቶ ያለው ዘይት ተቀብቶ፣ ሪዙን ቀጭን አስደርጎ፣ መስታወቱ ፊት ሆን ብሎ ይተክዝ ነበር።

ከዚያ ጀግናው መጥረቢያ ይዞ ጠላቱን የሚበቀልበት ፊልም መጣ። የሲኒማው ባለቤት ሚያን ገፉር ዱላውን ይዞ እየመጣ ሪዙን ይለካው ጀመር፤ በየሰሌዳው አንድ ጣት ይጨመርበታል። ሪዙ በወፈረ ቁጥር ሴቲቱ ታንሳለች። መጀመሪያ ፊቷ አነሰ፤ ቀጥሎ ወገቧ ብቻ ተፈለገ፤ በመጨረሻ በሰሌዳው ጥግ ዝናብ የመታት እርግብ አክላ ቀረች። እኔም ከእንባ ሥራ ተሰናበትኩና ደም መሳል ጀመርኩ።

የሚያስቀኝ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ሪዝና መጥረቢያ የቆመልን አባትህ መሆኑ ነው። ቻቻ ኻዲም ዶሮ ሲታረድ ማየት ስለማይችል ጣሪያ ላይ ይወጣ ነበር። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ የሰርወት ዶሮ አባርራው ቀለሙን ሁሉ ደፍቶት አባቴ ሦስት ቀን አኮረፈው። እናትህ እጇ የተሰበረ ጊዜ ፀጉሯን የሚጎነጉንላት እሱ ነበር፤ ጎረቤት እያየው። እንደሱ ያለ ገራገር ወንድ እኔ አላየሁም። ይህንን ለማሂን አንብብላት፤ የአያቷን ነገር ትስማ።

ሸራውን ዛሬ ወጥሬያለሁ።

አክስቶችህ ሁሉ ይመርቁሃል። አፓ ሪፋት

—

ኦስሎ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2006

ለማከብርዎ ታላቅ እህቴ ለአፓ ሪፋት፣

የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። አላህ ቤትዎን ይጠብቅ። መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። ፋኽራና ሩባብ ሰላም ይሉዎታል።

አፓ፣ ደብዳቤዎን እንግዶች ባሉበት ጮክ ብዬ ነበር ያነበብኩት። የዶሮውን ነገር ባይጽፉት ይሻል ነበር። እርስዎ ለጨዋታ እንደጻፉት አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ሰው ይሰማል። ከእንግዲህ ስለ ሥዕሉ ብቻ ቢጽፉልኝ።

በሰሌዳው ጥግ ያለችውን ሴት ያውጧት፤ ለአዳራሹ አትሆንም። ዓይኑን ደግሞ ከድሮው ይበልጥ ቀይ ያድርጉልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ታንቪር

—

ላሆር፣ ሜይ 4 ቀን 2006

ለወንድሜ ለታንቪር፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። አላህ ፊትህን ያብራ፤ ፋኽራንና ሩባብን ይባርክ፤ ማሂንንም ይባርክ። ስሟን ረሳኸው እንዴ? ደብዳቤህን ገልብጬ ከጀርባውም ፈለግኩት።

ሥዕሉ እየሄደልኝ ነው። ጥምጣሙ አልቋል፣ ጫማው አልቋል፣ መጥረቢያው ያበራል። ሴቲቱን እንዳልከኝ አወጣኋት። ካወጣኋት በኋላ ግን መጥረቢያውን ለምን እንደሚያነሳው ጠፋኝ፤ ጎረቤቴ ሰርወት መጥታ አየችውና እንጨት ሊፈልጥ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መንገደኛውም እየቆመ ያያል። አንድ ሽማግሌ ሰላሳ ዓመት ወደኋላ ሄድኩ ብሎ ቁጭ አለና ሳሞሳ አስገዝቶ አብሮኝ በላ። ደስታዬን አትጠይቀኝ፤ እንደ ሙሽራ ነው የምለብሰው ሰሞኑን።

ስለ ቴሌቪዥን የጻፍከውን ሳስብበት ነበር፤ እኔም ከምራቴ ጋር ማታ ማታ ድራማ አያለሁና። የዛሬው ወንድ ቆዳው ከሙሽራ ይለሰልሳል። ሪዝ የሚባል የለውም። ሹጃት ጋ የሚመጡት ወጣቶች ቅንድባችንን በክር ልቀምልን ይሉታል፤ እሱ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ክር አልይዝም ብሎ ይጣላቸዋል። አንተ ብታየው ሴት ሆነዋል ትል ይሆናል። ግን ልንገርህ፣ ያ ለስላሳ ልጅ በየሦስት ክፍሉ ሚስቱን በጥፊ ይመታታል። እሷ ባማረ መብራት ስር ታለቅሳለች፤ በማግሥቱ ቁርሱን ታቀርብለታለች። ምራቴ ሶፍት ይዛ ታያለች። በመጥረቢያው ዘመን ሴቲቱ ብታንስም ድንጋይ ታነሳ ነበር እኮ። ሰርወት ምን አለች መሰለህ? «ድሮ ወንዱ ወንድ ነበር የሚመታው። አሁን ሰው አልቆበት ነው?»

ስቀን ስናበቃ ግን ሰርወት ሻይዋን ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ፊቱን አልጀመርኩም። ፊት በመጨረሻ ነው የሚሳለው። ማሂን ምን ትላለች? የሠራሁትን ልታይ ትወዳለች? ፎቶ አንስቼ ልላክላት?

አፓ ሪፋት

—

ኦስሎ፣ ጁላይ 2 ቀን 2006

ለታላቅ እህቴ ለአፓ ሪፋት፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሁላችንም ደህና ነን። ማሂን ለትምህርቷ ስለሚቀርባት ከጓደኛዋ ጋር ሌላ ቦታ ትኖራለች።

ዝግጅቱ ኦገስት 19 ነው። በሰዓቱ እንዲደርስ አደራ። ደረቱና መጥረቢያው ላይ ደም ይጨመርበት። ፎቶ አያስፈልግም።

ታንቪር

—

ላሆር፣ ጁላይ 20 ቀን 2006

ለወንድሜ ለታንቪር፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ አላህ የልብህን ሸክም ያቅልልህ። ምርቃቱን ዛሬ አላበዛም፤ ብዙ የምጽፈው ስላለኝ።

የፋኽራ እናት ለዓይን ሕክምና መጥታ ስምንት ቀን እኛ ጋ ተቀምጣ ነበር። እንኳን መጣች። ዓይኗ ተከፍቶላታል፣ ምግቧን ትበላለች። በሰባተኛው ቀን ባቄላ እየፈለፈልን ሳለ ነገረችኝ። የኔን ደብዳቤ በእንግዶቹ ፊት ስታነብ ዶሮዋ ጋ ስትደርስ ማሂን ሳቀች። ሌላም ሰው ስቆ ነበር አለች፤ አንተ ግን የሰማኸው የሷን ብቻ ነው። መታሃት። ልጅቷ ሳህኖቹን አነሳች፣ አጠበች፣ አደረቀች እና ልብሷን ይዛ ወጣች። ይኸው ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አልተመለሰችም። አሮጊቷ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንዳያለቅስ ሐኪሙ ከልክሏት ስለነበር ፊቷን ወደ ጣሪያ አድርጋ ነበር የምታወራው።

የጻፍኳት ዶሮ ናት ያስመታቻት። ይህንን ካወቅሁ ጀምሮ እንጀራዬ አልጣመኝም፤ ሹጃትም አፌ ዝም በማለቱ ሐኪም ጥሩ ሊል ምንም አልቀረው።

ትናንት ፊቱን ልጀምር ተቀመጥኩ። ቀዩን ቀለም በጥብጬ፣ ብሩሹን ነክሬ፣ ፎቶህን ፊት ለፊቴ አድርጌ። እጄ እምቢ አለኝ። ምክንያቱም ያንን ዓይን ከየት እንዳመጣነው እኔ አውቃለሁ። አባቴ እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር፤ ለሥራው ብሎ። እሱ ሞቷል፣ ሚያን ገፉር ሞቷል፣ ሲኒማ ቤቱም የጫማ ገበያ ሆኗል። መሐላው ለማን እንደቀረ አላውቅም።

በ1971 በጋ ነው። አምስት ዓመትህ ነበር። ታይፎይድ ያዘህ። ሐኪሙ ከመጣ በኋላ በሩ ላይ ለአባቴ በዝግታ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ ተስፋ አልሰጠም። አባትህ አራት ቀን ከትከሻው አላወረደህም። ቤቱ ስለሚሞቅ ጣሪያው ላይ ይዞህ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፤ ሲመላለስ ያንጎራጉራል። እናትህ ልቀበልህ ብትለው «ካወረድኩት ይቀዘቅዛል» ይላታል። በዚያ ሙቀት።

የመጥረቢያው ፊልም ሰሌዳ ለዓርብ መድረስ ነበረበት። አባቴ ሌላ የሚቆምለት ሰው አጣና ወደ ጣሪያው ወጥቶ ለመነው። ኻዲም ወረደ። አንተን እኔ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠህ፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ከክብደትህ ይልቅ ትኩሳትህ አስፈራኝ። ቤታችን መጥረቢያ ስላልነበረ የመጥረጊያ እንጨት ሰጠነው። ያንን ከፍ አድርጎ ቆመ። ዓይኑ አብጦ ደም መስሎ ነበር፤ የሚያየው ወደ ሸራው ሳይሆን ወደኔ እቅፍ ነው። እንባው ይወርዳል። አባቴ ብሩሹን አስቀምጦ፣ «ኻዲም፣ ዓይንህን ጥረግ እንጂ» አለው።

አባትህም ሳይንቀሳቀስ፣ «ብጠርገውም ይመለሳል፤ ዝም ብለህ ሳለው» አለ።

አባቴ ያየውን ሳለ። እንባውን ብቻ ተወው፤ ለመጥረቢያ ፊልም አይሆንም ብሎ። ሐሙስ ሚያን ገፉር መጣና ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ሪዙን ሳይለካ ቀረ። «ቁጣ ማለት ይሄ ነው» አለ። «ይሄ ሰው መቶ ሰው ይገድላል።» አባቴ አላረመውም፤ እኔም ዝም አልኩ። ሰሌዳው ተሰቀለ፤ ከዚያ ወዲያ በመንገዱ ያለ ሠዓሊ ሁሉ ያንን ዓይን ገለበጠው። ሰላሳ ዓመት ታንቪር። ሹጃት የሚላጫቸው ወንዶች መስታወቱ ፊት ዓይናቸውን አፍጥጠው ያንን ለመምሰል ሲታገሉ ነበር። ልጆቻቸው ፊትም፣ ሚስቶቻቸው ፊትም። ቁጣ መስሏቸው።

አንተም እንደነሱ ተለማምደኸዋል።

በአያትህ አልፈርድባትም። የሙት ልጅ ድንጋይ ሲወረወርበት ምን ታድርግ፤ እጇ የገባውን ፎቶ አወጣች። ግን እኔ አሁን የምሰጥህ ሌላ ነገር የለኝም፣ ያለኝ ይኸው እውነቱ ነው።

ሥዕሉን እንደወደድኩት አላህ ያውቃል። ከእጄ እንዳይወጣም እፈልጋለሁ፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ሰሌዳ የሚያዘኝ ሰው መምጣቱን እጠራጠራለሁ። ቀይ ይሁን ካልከኝ እስለዋለሁ፤ ለቁጣም ለእንባም ቀዩ አንድ ዓይነት ነው። ግን የየትኛው ሰው ፊት እንደሆነ አንተ ንገረኝ። እስከዚያ የፊቱን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

አፓ ሪፋት

—

ኦስሎ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2006

ለማከብርዎ ለአፓ ሪፋት፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አላህ እጅዎን አያሳጣን። ዝግጅቱ ያለ ሥዕል አለፈ። ሰዎቹ ሲጠይቁኝ ፖስታ ቤቱ ላይ አመካኘሁ።

ደብዳቤዎን ሰባት ሳምንት በሥራ ልብሴ ኪስ ይዤው ዞርኩ። ለማንም አላነበብኩትም። መጀመሪያ ቀን ልቀደው ነበር፤ ለምን እንደተውኩት አላውቅም።

አንድ ነገር አልነገርኩዎትም ነበር። ማሂን የምትኖረው እኔ በምነዳበት መስመር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ፌርማታው ላይ ቆማ አያታለሁ። በሩን እከፍታለሁ። ሰው ሁሉ ይገባል፣ እሷ አትገባም፤ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። በረዶም ቢሆን ትጠብቃለች። እኔ በሩን ዘግቼ እሄዳለሁ። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ነበርን፤ ቤት ስገባ ለፋኽራ ሥራ ደህና ነበር እላለሁ።

ትናንት ማክሰኞ ዕረፍት ነበርኩ። በእግሬ ሄጄ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየችኝና ቆመች። እናቷ ታማ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ ደብዳቤ ላነብልሽ ነው አልኳት። የኛን ጽሑፍ ማንበብ አትችልም፤ ሲነገር ግን ትሰማለች። በመሃላችን ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠች።

አነበብኩላት አፓ። ከዶሮው ጀምሬ። ጥፊው ጋ ስደርስ መዝለል ፈልጌ ነበር፤ አልዘለልኩም። ጣሪያው ጋ ስደርስ ግን «አንተ» ያሉትን ሁሉ «ልጁ» እያልኩ አነበብኩት። «አባትህ» ያሉትን «ሰውየው» አልኩት። የማን ነገር እንደሆነ ሳይታወቅ፣ የሌላ አገር ወሬ አስመስዬ ጨረስኩት። እሷ መንገዱን እያየች ነበር የምትሰማው።

ወረቀቱን ሳጥፍ፣ «ልጁስ? ተረፈ?» አለችኝ።

 የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ያኔ ዞራ አየችኝ። ዓይኔን ነው ያየችው፤ እኔም አላፈጠጥኩም። እንደ አባቴ መሆን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ይቅር በይኝ አልኳት፤ ቃሉን በኛ ቋንቋ ለልጅ ብዬው ስለማላውቅ ከአፌ ሲወጣ ተጣሞ ነው። ወደ ቤት እንሂድ ስላት ራሷን ነቀነቀች፤ አልመጣችም። ልመናዬን አላበዛሁም።

ፊቱን አሁን አይሳሉት፤ ባዶውን ይቆይ። ሸራውን ግን ለማንም አይስጡት።

ስትሄድ ቦርሳዋን አንግታ ጥቂት ከራመደች በኋላ ተመለሰችና እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ እዚሁ ና። ደብዳቤውንም ይዘኸው ና። ግን ‹ልጁ› አትበል፤ እንደተጻፈው አንብብልኝ።»

ነገ ሐሙስ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ ታንቪር